ከወኅኒ ቤት ወደ ራዲዮ ጣቢያ፤ የጎርደን ሊዲ ሁለተኛ ሥራ

በፖለቲካ ሥራ ላይ ሳለ ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት ሰው ከወኅኒ ቤት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው ስሙ እስኪረሳ ድረስ ዝም ብሎ መኖር ነው፤ ሁለተኛው በደሉን አምኖና ንስሐ ገብቶ በሌላ ሥራ ሕዝብን መካስ ነው። በሃያኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ በአሜሪካ አገር ሦስተኛ መንገድ ተከፈተ። ይኸውም ሰውዬው ወንጀሉን ሳይክድ፥ ሳይጸጸትበትም፥ ውርደቱን ራሱን እንደ ንግድ ዕቃ ይዞ በራዲዮ ለብዙ ሕዝብ የሚናገርበት መንገድ ነው።

ይህን ሦስተኛ መንገድ በግልጽ ከሚያሳዩት ሰዎች አንዱ በዎተርጌት ጉዳይ የታሰረው ጎርደን ሊዲ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው የሰውዬውን ሕይወት በሙሉ ለመተረክ አይደለም። የወደቀ ሰው በማይክሮፎን ፊት ሊቀመጥ የቻለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፥ ንግግሩም ጉዳት ያመጣል ተብሎ በተፈራ ጊዜ ተጠያቂው ማን እንደ ነበረ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሰውዬውና ወንጀሉ

ጎርደን ሊዲ በ1930 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተወለደ። ትምህርቱን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ያስተዳድሩት በነበረው በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ በኋላ በመድፈኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ አገለገለ፤ ቀጥሎም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠና። ከ1957 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሠራ። በኋላም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሸንጎ ለመመረጥ ሞክሮ በገዛ ፓርቲው ውስጥ በተደረገው ምርጫ ተሸነፈ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ለሪቻርድ ኒክሰን ምርጫ ስለ ደከመ በዋሽንግተን በገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ አገኘ። በ1971 ዓ.ም. ወደ ቤተ መንግሥቱ ተዛወረ።

በቤተ መንግሥቱ የተመደበው «ቧንቧ ሠራተኞች» ተብለው ይጠሩ ከነበሩት ሰዎች ጋር ነበር። ስሙ የወጣላቸው የመንግሥት ምስጢር ወደ ጋዜጦች እንዳያፈስ ቀዳዳውን የሚደፍኑ ናቸው ለማለት ነው። ከእነርሱ ሥራዎች አንዱ በ1971 ዓ.ም. መስከረም ወር የተፈጸመው ሰበራ ነው። ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈውን ምስጢራዊ ሰነድ ለጋዜጦች የሰጠውን ዳንኤል ኤልስበርግን የሚያዋርድ ወረቀት ለማግኘት ሲሉ የአእምሮ ሐኪሙን ቢሮ በካሊፎርኒያ ሰብረው ገቡ።

ከዚህ በኋላ ሊዲ ፕሬዚዳንቱን እንደገና ለማስመረጥ የተቋቋመው ኮሚቴ ነገረ ፈጅ ሆነ። በጥር ወር 1972 ዓ.ም. የተፎካካሪውን ፓርቲ ለመሰለልና ለማወክ ያዘጋጀውን ፕላን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጆን ሚቸል ፊት በሥዕላዊ ሠንጠረዥ እያሳየ አቀረበ። የጠየቀው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። በፕላኑ ውስጥ ሰልፈኞችን ጠልፎ ወደ ሜክሲኮ መውሰድን፥ በሴተኛ አዳሪዎች የተፎካካሪን ሰዎች ማጥመድን የመሰለ ነገር ነበረበት። ሚቸል ወጪው በዛ ብለው መለሱት፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ያቀረበውን ሰው ግን ከሥራው አላሰናበቱትም። የሕግ ሁሉ የበላይ ጠባቂ በሆኑት ባለ ሥልጣን ቢሮ ውስጥ የተነሣው ክርክር ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ሕግ አለመሆኑ ብዙ ነገር ይነግረናል።

ፕላኑ ተቀንሶ ወደ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ወረደ። በሰኔ 17 ቀን 1972 ዓ.ም. ሌሊት አምስት ሰዎች ዎተርጌት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ በዲሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት የማዳመጫ መሣሪያ ይዘው ተያዙ። እንዲያዙ ምክንያት የሆነው ፍራንክ ዊልስ የተባለ ወጣት የሕንፃ ዘበኛ ነው። የበሩ መቈለፊያ እንዳይዘጋ በፕላስተር ተሸፍኖ ቢያይ ጊዜ አነሣው፤ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ተለጥፎ ስላገኘው ለፖሊስ ደወለ።

ዝምታው

በጥር ወር 1973 ዓ.ም. ሊዲ በማሤር፥ በሰበራና ያለ ሕግ የሰው ንግግር በመጥለፍ ወንጀል ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ጆን ሲሪካ ከ6 ዓመት ከ8 ወር እስከ 20 ዓመት የሚደርስ እስራትና የ40,000 ዶላር መቀጫ ፈረዱበት። ሌሎቹ ተከሳሾች አንድ በአንድ አፋቸውን ሲከፍቱ እርሱ ግን በፍርድ ቤትም ሆነ በሸንጎ መርማሪዎች ፊት አልናገርም አለ፤ በዚህም ችሎት በመድፈር ተጨማሪ ቅጣት ተቀበለ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ ወር 1974 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሊዲ ግን የሚጠብቀው ጌታ ከወደቀ በኋላም ዝምታውን አልተወም።

በሚያዝያ ወር 1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካርተር፥ ቅጣቱ ከሌሎቹ የዎተርጌት ወንጀለኞች ቅጣት ጋር ሲመዛዘን በጣም ከባድ ነው በማለት ወደ 8 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሊዲ ከወኅኒ ቤት ሲወጣ አራት ዓመት ተኩል ያህል ታስሮ ነበር። በዎተርጌት ጉዳይ ከታሰሩት ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የታሰረ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ወዳጅን አሳልፎ አለመስጠት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የሚከበር ጠባይ ነው። በእኛም አገር ቃሉን ያጠፈ ሰው ይናቃል፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሊዲን የሚጠሉት ሰዎች እንኳ ስለ ጽናቱ ያደንቁት ጀመር። ነገር ግን ጽናት ለብቻው ምግባር አይሆንም፤ ለምን እንደሚጸኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሊዲ ዝምታ የሸፈነው የሕዝብን መብት የሚጎዳ ወንጀልን ነበር። ሕዝቡ ግን እየዋለ እያደረ የዝምታውን ምክንያት ረስቶ ዝምታውን ብቻ አስታወሰ። የሁለተኛ ሥራው መሠረት የተጣለው በዚህ ነው።

የጥብቅና ፈቃዱ ስለ ተነጠቀ ወደ ሕግ ሥራ ሊመለስ አይችልም ነበር፤ ዕዳም ነበረበት። በ1980 ዓ.ም. «ዊል»፥ ይኸውም ጽኑ ፈቃድ ማለት ነው፥ ብሎ የሰየመውን የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። መጽሐፉ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በ1982 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። በዚያው ዘመን ሊዲ ዐቃቤ ሕግ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ቤቱን ካስፈተሸበት፥ የሚያሰክር መድኀኒት መውሰድን ይሰብክ ከነበረው ከቲሞቲ ሊሪ ጋር በየአዳራሹ እየዞሩ በገንዘብ ይከራከሩ ጀመር። ፈታሹና ተፈታሹ በአንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ ሕዝቡ ትኬት ገዝቶ ገባ። ሊዲ ውርደት ዋጋ እንዳለው የተማረው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

በመጽሐፉ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ቦታ አለ። ሊዲ ሕፃን ሳለ ከቤታቸው ጀርመናዊት ሠራተኛ ጋር ሆኖ የሂትለርን ንግግር በራዲዮ እንደ ሰማና ድምፁ በደካማ ሰውነቱ ውስጥ ኀይል እንደ ቀሰቀሰበት ይናገራል። ከዚህ የተነሣ ሊዲ የሂትለር ተከታይ ነበረ ማለት አንችልም። ነገር ግን በራዲዮ የሚመጣ ድምፅ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚይዝ ማይክሮፎን ከመጨበጡ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያውቅ እንደ ነበረ ከገዛ ቃሉ እንረዳለን።

የራዲዮው ደንብ መለወጥ

ሰውዬው ዝግጁ ቢሆንም ራዲዮው ባይለወጥ ኖሮ ለእርሱ የሚሆን ቦታ ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ ወደ ራዲዮ ታሪክ ጥቂት መመለስ ግድ ይሆንብናል።

የአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች አብዛኛዎቹ የነጋዴ ናቸው፤ የሚሠሩበት የአየር ሞገድ ግን የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ከመንግሥት ኮሚሲዮን ፈቃድ ሳይቀበሉ መሥራት አይችሉም። ይህ ኮሚሲዮን በ1949 ዓ.ም. የሚዛናዊነት ደንብ የሚባለውን አወጣ። ደንቡ ሁለት ግዴታ ነበረው፤ አንደኛ፥ ጣቢያው ሕዝብን የሚያከራክሩ ቁም ነገሮችን ማቅረብ አለበት፤ ሁለተኛ፥ አንዱን ወገን ካሰማ ተቃራኒውንም የማሰማት ዕድል መስጠት አለበት። በ1969 ዓ.ም. አንድ የፔንሲልቬኒያ ጣቢያ ደንቡ የንግግር ነጻነቴን ይነካል ብሎ ቢከራከር፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከባለ ጣቢያው መብት ይልቅ የአድማጩ መብት ይበልጣል በማለት ደንቡን አጸና።

ይሁን እንጂ ደንቡን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ከንቱ አልነበረም። ጣቢያዎቹ ለተቃራኒው ወገን ጊዜ መስጠትን እየፈሩ አከራካሪውን ነገር ጭራሽ ይተዉታል፤ ስለዚህ ደንቡ ንግግርን ያበዛል ሲባል ይቀንሰዋል ይሉ ነበር። በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. ኮሚሲዮኑ ይህን ሐሳብ ተቀብሎ ደንቡን ሻረው። አስቀድሞ የአሜሪካ ሸንጎ ደንቡን በሕግ ሊያጸና ሞክሮ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሬገን ግን አልፈርምም ብለው መለሱት።

በዚያው ዘመን ሁለት ሌሎች ለውጦች ተጨመሩ። አንደኛው፥ ሙዚቃ ጥራት ወዳለው ኤፍ ኤም ወደሚባለው ሞገድ ስለ ሸሸ በአሮጌው በኤ ኤም ሞገድ ላይ የነበሩት ጣቢያዎች የሚያሰሙት ነገር አጡ። ሁለተኛው፥ በሳተላይት አማካይነት የአንድን ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ጣቢያዎች ማስተላለፍ ርካሽ ሆነ። የንግዱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። አከፋፋዩ ኩባንያ ፕሮግራሙን ለትንሹ ጣቢያ ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ጣቢያው በምትኩ ከማስታወቂያ ደቂቃዎቹ ከፊሉን ለአከፋፋዩ ይለቅለታል። እንዲህ ሲሆን ጣቢያው የራሱን ጋዜጠኛ ከመቅጠር ይድናል፤ አከፋፋዩ ደግሞ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎችን አንድ ላይ አድርጎ ለታላላቅ ነጋዴዎች ይሸጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮፎን፥ ጥቂት የቴሌፎን መስመርና በየቀኑ ብዙ ሰዓት ሳይሰለች የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ራሽ ሊምቦ የተባለው ተናጋሪ በ1988 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ በመላው አገር መናገር ሲጀምር ሥራው ምን ያህል እንደሚያተርፍ ታየ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ባለ ጣቢያዎች የሚፈልጉት ስሙ ቀድሞ የታወቀ፥ ሲናገር የማይፈራ ሰው ነበር። ስምን ለማስታወቅ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ የሊዲን ስም ግን ፍርድ ቤቱና ጋዜጦቹ በነጻ አስታውቀውለታል። በ1992 ዓ.ም. በዋሽንግተን አጠገብ በፌርፋክስ በሚገኝ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ከተሞች መተላለፍ ጀመረና እየዋለ እያደረ ከመቶ በላይ ጣቢያዎች ላይ ይሰማ ነበር።

የአድማጩ ጥርጣሬ

አድማጩስ ስለ ምን ሊሰማው ወደደ? መልሱ በመንግሥት ላይ ባደረበት ጥርጣሬ ውስጥ ይገኛል። የአሜሪካ የምርጫ ጥናት ሊቃውንት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሕዝቡን «በዋሽንግተን ያለው መንግሥት ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል ብለህ ታምናለህ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ ወይም ብዙውን ጊዜ አምናለሁ የሚለው ሰው በ1964 ዓ.ም. ከአራቱ ሦስት እጅ ያህል ነበር። ኒክሰን በወደቁበት በ1974 ዓ.ም. ከሦስቱ አንድ እጅ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ከአምስቱ አንድ እጅ ያህል ብቻ ቀረ።

ለዚህ መውደቅ የቬትናም ጦርነትና ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ሆኖም ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ዎተርጌት መሆኑ አያጠራጥርም። የዎተርጌትን ሰበራ ያቀደው ደግሞ ሊዲ ነው። እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ስናየው፥ ሕዝብ መንግሥቱን እንዳያምን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው አለመታመን እንጀራውን ይበላ ጀመር። መንግሥት በሥውር ቤት ይሰብራል፥ ይሰልላል፥ ይዋሻል ብሎ ሲናገር አድማጩ ያምነዋል፤ ምክንያቱም ሰባሪው እርሱ ራሱ ነበረ። ሌላ ተናጋሪ ሊያመጣው የማይችለው ማስረጃ ወኅኒ ቤት መግባቱ ነው።

ከዚህም ሌላ ማስታወቂያ አለ። በእንዲህ ያለው ፕሮግራም ማስታወቂያውን የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ተናጋሪው ራሱ ነው፤ አድማጩ በፖለቲካ ነገር ያመነውን ሰው በዕቃም ነገር ያምነዋል። በመጨረሻው ዘመን ሊዲ ሕዝቡ ወርቅ እንዲገዛ የሚገፋፉ ማስታወቂያዎችን ይናገር ነበር። መንግሥት አይታመንም የሚለው ስብከትና የመንግሥትን ገንዘብ ትታችሁ ወርቅ ግዙ የሚለው ማስታወቂያ በአንድ አፍ ሲነገሩ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ጥርጣሬ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ገበያም ነው ለማለት የሚያስችለን ይህ ነው።

የ1994 እና የ1995 ዓ.ም. ነገር

በ1993 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በዌኮ አጠገብ የመሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ወኪሎች የአንድ ሃይማኖታዊ ማኅበርን ሰፈር ሊፈትሹ ሄደው ተኩስ ተከፈተ፤ አራት ወኪሎች ሞቱ። ከሃምሳ ቀን ከበባ በኋላ በሚያዝያ 19 ቀን ሰፈሩ ተቃጥሎ ሕፃናት ሳይቀሩ ከሰባ በላይ ሰዎች ጠፉ። ብዙ አሜሪካውያን፥ ይልቁንም መሣሪያ መያዝን እንደ ዋና መብት የሚቈጥሩት፥ በመንግሥት ላይ እጅግ ተቈጡ።

ሊዲ በነሐሴ ወር 1994 ዓ.ም. በራዲዮ ሲናገር፥ የዚያ መሥሪያ ቤት ወኪሎች መሣሪያ ይዘው ከመጡባችሁ በደረታቸው ላይ ጥይት የማይበሳው ልብስ ስላለ ራሳቸውን ምቱ የሚል ምክር ሰጠ። በኋላ በተጠየቀ ጊዜ፥ የተናገርሁት ወኪሎቹ ቀድመው በተኩስ ለሚመጡበት ሰው ራስን ስለ መከላከል ነው አለ። በፕሬዚዳንት ክሊንተንና በባለቤታቸው ምስል ላይ ዒላማ እንደ ተለማመደም በራሱ አፍ ተናግሯል።

በሚያዝያ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.፥ ዌኮ በተቃጠለበት ቀን ልክ በሁለተኛው ዓመት፥ በኦክላሆማ ከተማ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ በፈንጂ ፈርሶ 168 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። ፈንጂውን ያፈነዳው ሰው በዌኮ ነገር የተቈጣ የቀድሞ ወታደር ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን፥ የማንንም ስም ሳይጠሩ፥ በአየር ሞገድ ላይ ጥላቻን የሚዘሩ ድምፆች አሉና ዝም ልንላቸው አይገባም ብለው ተናገሩ። ጋዜጦቹ ወዲያው የሊዲን የነሐሴ ንግግር አነሡ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር አለብን። የሊዲ ንግግር ለኦክላሆማው ወንጀል ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ በሰውዬውም ላይ እንዲህ ያለ ክስ አልቀረበበትም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ በደለኛ ነው ብለን ልንፈርድ አንችልም። የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፥ እንዲህ ያለውን ንግግር የሚያርም ኀይል በአገሩ ውስጥ ነበረ ወይ የሚል ነው።

ማን ያርመዋል?

አስቀድመን ሕግን እንመልከት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መሠረት፥ አንድ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊትን ለማነሣሣት የታሰበና ያንንም ሊያመጣ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። «እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርጉ» የሚል ምክር ከዚህ መስመር ወዲህ ይቀራል። የራዲዮ ኮሚሲዮኑም ቢሆን የሚመረምረው የባለ ፈቃዱን ጠባይ እንጂ የተናጋሪውን አይደለም። የሊዲን ጣቢያ ይዞ የነበረው ኩባንያ በ1995 ዓ.ም. 1.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመንግሥት ከፍሏል፤ ነገር ግን የከፈለው ሌላ ተናጋሪው በተናገረው የብልግና ንግግር ምክንያት ነው። የተፈረደበት ወንጀለኛ ስለ ሆነ ሊዲ ጠመንጃ እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር፤ በቤቱ ያሉት መሣሪያዎች የባለቤቴ ናቸው እያለ ይቀልድ ነበር። ማይክሮፎን እንዳይይዝ የሚከለክለው ሕግ ግን አልነበረም።

የስም ማጥፋት ክስስ? ሊዲ የዎተርጌት ሰበራ እውነተኛ ምክንያት በዲሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት በኩል ይሠራ ነበር ከሚባል የሴተኛ አዳሪዎች ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ሐሳብ በአደባባይ ይናገር ነበር። በዚያ ቢሮ ጸሐፊ የነበረች ሴት ስሜን አጥፍቷል ብላ ከሰሰችው። በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የፍርድ ሸንጎ አባሎች ሊስማሙ አልቻሉም፤ በ2002 ዓ.ም. ሁለተኛዎቹ ለሊዲ ፈረዱለት።

ቀጥለን ገበያን እንመልከት። ከኦክላሆማ በኋላ ጥቂት ጣቢያዎች ፕሮግራሙን ተዉት፤ አብዛኛዎቹ ግን አልተዉትም። በዚያው በ1995 ዓ.ም. የራዲዮ ተናጋሪዎች ብሔራዊ ማኅበር የንግግር ነጻነት ሽልማት ሰጠው። በክርክር ላይ የወደቀ ተናጋሪ የሚያዳምጠው ሰው ስለሚበዛ፥ ነቀፌታው ራሱ የገበያ ድጋፍ ሆነለት። ሊዲ እስከ ሐምሌ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል ሲናገር ኖረ። ያቆመውም ማንም ከልክሎት ሳይሆን በ81 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ነው። በመጋቢት 30 ቀን 2021 ዓ.ም. በዘጠና ዓመቱ ሞተ።

ሌሎቹስ ምን ሆኑ?

የሊዲን መንገድ በትክክል ለመመዘን በአንድ ጉዳይ የነበሩትን ሌሎች ሰዎች ማየት ይጠቅማል። ቻርልስ ኮልሰን የኒክሰን አማካሪ ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. ጥፋታቸውን አምነው ሰባት ወር ያህል ታሰሩ፤ ከወጡ በኋላ በ1976 ዓ.ም. እስረኞችን በወንጌል የሚያገለግል ማኅበር አቋቋሙ፤ በኋላም በራዲዮ አጭር ትምህርት ይሰጡ ነበር። እንግዲህ ማይክሮፎን ለሁለቱም ሰዎች ተሰጥቷል፤ የአንደኛው ንግግር ከኑዛዜ በኋላ የመጣ ሲሆን የሁለተኛው ያለ ኑዛዜ የመጣ ነው።

ከዎተርጌት ውጪም ምሳሌ አለ። ለኢራን በሥውር በተሸጠው የጦር መሣሪያ ጉዳይ ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ በ1989 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ፍርዱ በይግባኝ ተሰረዘላቸው፤ በ1994 ዓ.ም. ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የራዲዮ ተናጋሪ ሆኑ። ስለዚህ የሊዲ ነገር የአንድ ሰው ጠባይ ውጤት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ለሌሎችም ክፍት ነበር።

የሕንፃው ዘበኛ ፍራንክ ዊልስስ? እርሱ በሌሊት ሥራው ላይ ነቅቶ በመገኘቱ የአንድ ታላቅ መንግሥት ታሪክ ተለወጠ። ለጥቂት ጊዜ ተመሰገነ፤ በ1976 ዓ.ም. ስለ ዎተርጌት በተሠራው ፊልም ውስጥ የራሱን ቦታ ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ቋሚ ሥራ ማግኘት አቅቶት በድኽነት ኖረ፤ በ2000 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ሞተ። ሕግን ያስከበረው ሰው ድምፅ ሳያገኝ ሲሞት ሕግን የሰበረው ሰው ለሃያ ዓመት ስለ መንግሥት ክፋት ለሕዝብ አስተማረ። ገበያው ዊልስን የጠላው አይመስለንም፤ የሚሸጥበት ነገር ስላላገኘ አለፈው እንጂ።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ስንሰበስበው፥ ሊዲን ከወኅኒ ቤት ወደ ራዲዮ ያደረሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በዝምታው ያገኘው የጽናት ስም፥ በ1987 ዓ.ም. የተሻረው ደንብና ከእርሱ ጋር የተለወጠው የራዲዮ ንግድ፥ እንዲሁም እርሱ ራሱ ያባባሰው የሕዝብ ጥርጣሬ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ታሪኩ በመጽሐፉ ላይ ያበቃ ነበር።

በእኛ አስተያየት ታስሮ የተፈታ ሰው አይናገር ማለት ትክክል አይደለም። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው እንደ ሌላው ዜጋ የመናገር መብት አለው፤ ይህን መብት መንግሥት እንዲያከፋፍል ቢደረግ ነገ የሚታገደው ሌላው ሰው ነው። ነገር ግን የመናገር መብት የመታመን መብት አይደለም። ሊዲ ሕግ ተናገር ባለው ቦታ፥ በዳኞች ፊት፥ ዝም አለ፤ ዝም ማለት ይሻል በነበረበት ቦታ፥ ሕዝብ በተቈጣበት ሰዓት፥ ያለ ልጓም ተናገረ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው በራዲዮ የተነገረ ቃል ተመልሶ አይያዝም።

ፍርድ ቤቱ ሊያርመው ካልቻለ፥ ገበያው ሊያርመው ካልፈለገ፥ የሚቀረው ዳኛ አድማጩ ነው። አድማጩ ተናጋሪው ምን አለ ብቻ ሳይሆን ይህን በመናገሩ ምን ያገኛል፥ ሲናገር የማይነካው ነገርስ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። የሊዲ አድማጮች ይህን ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፥ በመንግሥት ሥውር ተንኰል ላይ ያን ያህል የሚቈጣው ሰው ስለ ራሱ ሥውር ተንኰል አንድ ቀን እንኳ አለመጸጸቱን ባስተዋሉ ነበር።